ምንጣፍ ያላስቆመው ድምፅ፦ የሳሎናችን ወለል ታሪክ

ወረቀቷ በበራችን ሥር የገባችው እሁድ ማታ ነው። በእጅ የተጻፈች፣ አራት መስመር ብቻ። የጻፉት የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ናቸው። «ቅሬታ ማብዛት አልወድም። ግን ከገባችሁ ወዲህ የምታወሩትን ሁሉ እሰማለሁ። ቋንቋውን ባላውቀውም ማን እንደተቆጣና ማን እንደሳቀ እለያለሁ። እባካችሁ እንነጋገር።»

ሁለት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በጣም ከበደኝ። ቤቱን ከገዛን ገና ሁለት ወራችን ነው። የ7 ዓመት ወንድና የ4 ዓመት ሴት ልጅ አሉን። እናቴም ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ እኛው ጋር ናት። ጩኸታም ቤተሰብ አይደለንም። ቤቱ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ምንጣፍ ነው። «ምንጣፍ እያለ እንዴት ይሰማል?» አለች ባለቤቴ። እኔም ያኔ መልሱን አላውቀውም ነበር።

በማግስቱ ማታ ወረድኩ። በሰባዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ሻይ አፍልተው ጠበቁኝ። ገና ወሬ ሳንጀምር ከላይ የባለቤቴ ድምፅ መጣ። ስልክ እያወራች ነው። ቃል በቃል ይሰማል። «እሺ እትዬ፣ ቅዳሜ እንመጣለን» አለች። ሰውዬው ወደ ኮርኒሱ በዓይናቸው ጠቆሙና ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ የምከራከርበት ነገር አልነበረኝም።

ቤቱ ደቡብ ለንደን ነው። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ለአንድ ቤተሰብ የተሠራ፣ በኋላ ለሦስት አባወራ የተከፋፈለ ቤት ነው። ለንደን እንዲህ ያሉ ቤቶች ሞልተዋታል፤ ብዙ ሐበሻም የሚኖረው በእንደዚህ ዓይነቱ ቤት ነው። ቤቱ ሲሠራ በታችኛው ሳሎንና በላይኛው ክፍል መሀል ድምፅ እንዳያልፍ የተጨነቀ ሰው የለም። ታችም ላይም የሚኖረው አንድ ቤተሰብ ነዋ።

የወለሉ አሠራር እንዲህ ነው። ከግድግዳ ግድግዳ የሚሄዱ ሞራሌዎች አሉ። በየ40 ሳንቲ ሜትሩ ተደርድረዋል፤ ቁመታቸው 20 ሳንቲ ሜትር ግድም ነው። በላያቸው ጣውላ ተመቷል። ከሥራቸው ደግሞ ቀጫጭን እንጨት ጎን ለጎን ተመቶ በኖራ ተለስኗል። ለታችኛው ቤት ኮርኒሱ ያ ነው። የጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ማገር ላይ ምርጊት እንደመለጠፍ ነው፤ ኖራው በእንጨቶቹ መሀል ሾልኮ በጀርባ በኩል ይይዛል። በጣውላውና በኮርኒሱ መሀል ያለው ቦታ ባዶ ነው። ከበሮም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው፤ ላይና ታች ቆዳ፣ መሀሉ ባዶ።

የመጀመሪያው ሥራችን ስህተት ነበር። እሱንም ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው። አንድ የምንጣፍ ሱቅ ሄድን። «ድምፅ ያስቸግረናል» አልን። ሻጩ ወፍራም አንደርሌይ አወጣልን። አንደርሌይ የሚባለው ከምንጣፍ ሥር የሚነጠፈው ስፖንጅ ነው። 11 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ማሸጊያው ላይ በትልቁ የዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ቁጥር ተጽፎበታል። ቁጥሩን አይተን ተደሰትን። ገዝተን አስነጠፍን። እግር ሲረግጠው ፍራሽ ፍራሽ ይላል፤ ልጆቹ ወደዱት።

ከሳምንት በኋላ ወርጄ ጠየቅኳቸው። «የጫማው ኮቴ ቀንሷል፤ አመሰግናለሁ» አሉ። «ወሬውስ?» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ምክንያቱን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። ከፎቅ ወደ ታች የሚወርድ ድምፅ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የምት ድምፅ ነው። ኮቴ፣ የወንበር መጎተት፣ የወደቀ ማንኪያ፣ የልጅ ዝላይ። ወለሉ ራሱ ይመታና ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡ ታች ሲደርስ ድምፅ ይሆናል። ሁለተኛው በአየር የሚሄድ ድምፅ ነው። ወሬ፣ ቴሌቪዥን፣ የሕፃን ለቅሶ። ይኼኛው በየቀዳዳውና በየስንጥቁ ይሾልካል፣ ቀሪው ደግሞ ቀላሉን ወለል እያርገበገበ ያልፋል። ምንጣፍና ስፖንጅ ለመጀመሪያው ጎበዝ ናቸው። ምቱን ከመነሻው ያለዝቡታል። ለሁለተኛው ግን አየር የሚያሳልፍ ጨርቅ ምን ያደርጋል? በጋቢ ተከናንቦ ከውጭ የሚጮህ ሰው እንዳይሰማ እንደመሞከር ነው።

ማሸጊያው ላይ ያለው ቁጥርም ሐሰት አልነበረም። የተለካው ግን በኮንክሪት ወለል ላይ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ በቤተ ሙከራ የሚፈተነው ብዙውን ጊዜ በከባድ የኮንክሪት ወለል ላይ ነው፤ ቁጥሩም የምት ድምፅን መቀነስ ብቻ ነው የሚናገረው። የኛ ወለል እንጨት ነው። ችግራችን ደግሞ በዋናነት ወሬ ነበር። ሻጩ ይህን ጠይቆን ቢሆን ኖሮ ያን ገንዘብ ባላወጣን።

አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር አንባቢ ነገሩ ተቃራኒ ስለሆነ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። እዚያ ወለሉ ኮንክሪት ነው፤ ከባድ ስለሆነ ወሬ በወለሉ በኩል በቀላሉ አያልፍም። ላዩ ግን ብዙውን ጊዜ ሴራሚክ ነው። ስለዚህ የወንበር መጎተቱ፣ የነጠላ ጫማው ቿ ቿ፣ የሙቀጫው ድም ድም ቀጥ ብሎ ይወርዳል። እዚያ ምንጣፍና ከወንበር እግር ሥር የሚለጠፍ ወፍራም ጨርቅ ትልቅ ለውጥ ያመጣሉ። እዚህ እኛ ጋር ደግሞ ምንጣፉ አስቀድሞም ነበረ። የጎደለን ሌላ ነገር ነው።

እንግዲህ በሁለተኛው ዙር ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት ለማዳመጥ ወሰንን። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔ ወርጄ ከሰውዬው ጋር ሳሎናቸው ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ከላይ ሆና፣ በስልክ እየተነጋገርን፣ የተለያየውን ድምፅ አንድ በአንድ ታሰማኛለች። መጀመሪያ በጫማ ተራመደች፤ ብዙም የለም። በባዶ እግሯ ስትሄድ ደግሞ፣ የሚገርመው፣ ተረከዟ ዱም ዱም ሲል ይሰማል። ቀጥሎ ሬዲዮ ከፈተች። ቃላቱ ይለያሉ። ከዚያ ልጃችን ከሶፋው ዘለለች። የመብራቱ ማንጠልጠያ ሲርገበገብ በዓይኔ አየሁት። በመጨረሻ እናቴ ሙቀጫዋን አወጣች።

ሙቀጫው ከአዲስ አበባ በሻንጣ የመጣ ነው። ማሽን አለ ብንላት «የማሽን ቡና ቡና አይደለም» ብላ አልሰማችንም። ዘነዘናው ሲያርፍ ከታች የሚሰማው ድምፅ ሰው በሩቅ ግንድ የሚፈልጥ ይመስላል። ሰውዬው ፈገግ አሉ። «እሁድ እሁድ ይኼ ምን እንደሆነ ስገምት ነው የቆየሁት። አናጢ ቤት ውስጥ ያስገባችሁ መስሎኝ ነበር» አሉኝ።

ያን ቀን ሌላም ነገር አገኘን። በክፍሉ ውስጥ እየዞርን ጆሯችንን ወደ ኮርኒሱ ስናቀርብ ድምፁ በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። በመስኮቱ በኩል ይብሳል። የማሞቂያው ቧንቧ ወለሉን በስቶ በሚወርድበት ጥግም ይብሳል። ይህ ማዳመጥ ምንም ሳንቲም አልጠየቀንም። ከሁሉም የጠቀመን ግን እሱ ነው።

ሕጉን በአጭሩ ልንካው፣ ምክንያቱም የሚያውቁኝ ሰዎች መጀመሪያ የጠየቁኝ «ሊከሱህ ይችላሉ ወይ?» ብለው ነው። በእንግሊዝ የሕንፃ ደንብ የድምፅ ጉዳይ ክፍል ኢ በሚባለው ውስጥ ነው ያለው። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤት ተከፋፍሎ ለብዙ አባወራ ሲሆን ወለሉ በአየር የሚሄደውን ድምፅ ቢያንስ 43 ዴሲቤል መቀነስ አለበት፤ ለምት ድምፅ ደግሞ ታች የሚሰማው ከ64 ዴሲቤል መብለጥ የለበትም። የምት ድምፁ ፈተና የሚደረገው ወለሉ ላይ በሚቀመጥ ማሽን ነው። እያንዳንዳቸው ግማሽ ኪሎ የሚመዝኑ 5 መዶሻዎች ከ4 ሳንቲ ሜትር ከፍታ በሰከንድ 10 ጊዜ ይወድቃሉ። ሲፈተንም በመርህ ደረጃ ምንጣፍ ሳይነጠፍ ነው። ደንብ አውጪዎቹ ምንጣፍ ነገ ሊነሳ እንደሚችል ያውቃሉ።

የኛ ቤት ግን የተከፋፈለው ከዚያ በብዙ ዓመት ቀድሞ ነው። ደንቡ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም። ፍርድ ቤትም ቢሆን ብዙ አይረዳም። በ1999 እ.ኤ.አ. የሎርዶች ምክር ቤት፣ ያኔ የአገሩ የመጨረሻ ፍርድ ቤት የነበረው፣ በሳውዝዋርክና በካምደን ካውንስል (የለንደን ወረዳ አስተዳደሮች) ተከራዮች ጉዳይ ላይ ውሳኔ ሰጥቷል። ተከራዮቹ ከጎረቤት የሚመጣው የዕለት ተዕለት ኑሮ ድምፅ ኑሯቸውን እንዳመሰቃቀለው ማንም አልካደም። ሆኖም ሰው በቤቱ በወጉ መኖሩ ብቻውን እንደ ጥፋት አይቆጠርም፤ አከራዩም አሮጌ ቤትን ድምፅ እንዳያሳልፍ አድርጎ የማደስ ግዴታ የለበትም ተባለ። ስለዚህ ጎረቤታችን እኛን ቢከሱ የትም አይደርሱም ነበር። እኔ ግን ይህን ሳውቅ ደስ አላለኝም። ሕግ ባያስገድደኝም የሰውን እንቅልፍ እየወሰድኩ እንዴት እተኛለሁ?

ሊዛችን፣ ማለትም ቤቱን ስንገዛ ከሕንፃው ባለቤት ጋር ያለን የረጅም ዘመን ውል፣ ደግሞ የራሱ ነገር አለው። ከማብሰያና ከመታጠቢያ ክፍል በስተቀር ወለሉ ሁሉ ምንጣፍ እንዲለብስ ያስገድዳል። ይህ በእንግሊዝ የፎቅ ቤቶች ሊዝ ውስጥ የተለመደ ነው። ምንጣፉን ማንሳት አይቻልም፤ ከሥሩ ያለውን መንካት ደግሞ የሕንፃውን ባለቤት የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃል። ደብዳቤው ለመምጣት ሰባት ሳምንት ፈጀ። እንዲህ ያለ ሥራ የምታስቡ ካላችሁ መጀመሪያ ሊዛችሁን አውጥታችሁ አንብቡ።

ከሁሉ የተሻለው መፍትሔ ከታች በኩል መሥራት እንደሆነ ያማከርነው ሁሉ ነግሮናል። ነባሩን ኮርኒስ ሳይነኩ ከሥሩ ራሱን የቻለ አዲስ ኮርኒስ በራሱ ሞራሌ ይሠራል። መሀሉ በድንጋይ ሱፍ ይሞላል፣ በሁለት ድርብ ጂፕሰም ቦርድ ይዘጋል። ሁለቱ ስለማይነካኩ መንቀጥቀጡ አይተላለፍም። ነገር ግን ጣሪያው ቢያንስ 12 ሳንቲ ሜትር ግድም ዝቅ ይላል። ሰውዬው ወደ ኮርኒሳቸው መሀል ጠቆሙኝ። ከቤቱ ጋር የተሠራ የኖራ አበባ አለ። ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ይታያሉ። «እሱን ሸፍኜ አልሞትም» አሉ። ልክ ናቸው። እኔም ብሆን አልሸፍነውም።

ስለዚህ ሥራው ከኛ በኩል ሆነ። ከላይ ሲሠራ የሚገኘው ውጤት ያነሰ ነው፤ ግን ከምንም ይሻላል። አናጢ ጓደኛ አለኝ፤ እዚሁ ለንደን ብዙ አሮጌ ቤቶችን የሠራ ልጅ ነው። ሦስት ቀን ወሰደብን።

የመጀመሪያው ቀን ምንጣፉን ጠቅልለን አነሳን። አዲሱን ስፖንጅ ለብቻው አስቀመጥነው። በክፍሉ ጥጎች ግን ነባሩ አንደርሌይ ቁራጭ ቁራጩ ቀርቶ ነበር። ስንነካው እንደ በሶ በነነ። አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን ነው የጠረግነው። የአሮጌ ቤት አቧራ እርሳስ ያለበት የድሮ ቀለም ሊኖረው ስለሚችል በዚህ ቀልድ የለም።

ከዚያ ጣውላው ታየ። በጣውላዎቹ መሀል ያለው ክፍተት አንድ ፓውንድ ሳንቲም በጎኑ ያስገባል። አንዳንዱ ጣውላ ሚስማሩ ላልቶ ሲረገጥ ሲጢጥ ይላል። ከዞኮሎው ሥር ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። በቧንቧው ዙሪያ ያለው ቀዳዳ ደግሞ ቧንቧውን እጥፍ ያክላል። ጓደኛዬ በጉልበቱ ተንበርክኮ አየውና «አንተ፣ ይኼ እኮ ወንፊት ነው» አለኝ።

ቀዳዳ ቀላል ነገር አይደለም። ከወለሉ ስፋት አንድ መቶኛው ብቻ ክፍት ቢሆን፣ ቀሪው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ጠቅላላ የሚቀነሰው ድምፅ ከ20 ዴሲቤል አያልፍም። በጥሩ ግድግዳ ላይ በር ገርበብ ብሎ እንደመተው ማለት ነው። ምንጣፍ ይህን ሁሉ ከዓይን ይሸፍናል፤ ከጆሮ ግን አይሸፍንም።

ጣውላዎቹን በእርሳስ ቁጥር እየጻፍንባቸው በየአራተኛው አንዱን አነሳን። በመስኮቱ በኩል ስናነሳ ያየሁትን አልረሳውም። ከወለላችን ሥር፣ በጨለማው ውስጥ፣ አራት ክብ ብርሃን ይታያል። ከታች ያሉት ሰው መብራት አብርተው ነበር። ለካ ቀድሞ የነበረው ባለቤት በመስኮቱ በኩል ኮርኒሱን በስቶ አራት የተቀበሩ መብራቶች አስገብቷል። የወሬው ትልቁ መውጫ እሱ ነበር። በጆሯችን ያገኘነውን ቦታ አሁን በዓይናችን አየነው።

እዚህ ላይ ትልቅ ማስጠንቀቂያ አለ። እንዲህ ያለ መብራት ላይ ዝም ብሎ ሱፍ መደፋት አደጋ ነው። መብራቱ ይግላል፤ መተንፈሻ ካጣ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ቀዳዳው ደግሞ ለድምፅ ብቻ ሳይሆን ለእሳትም መንገድ ነው። ለዚሁ ተብሎ የሚሸጥ እሳት የሚቋቋም ቆብ አለ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርተን ለአራቱም አስደፋን። ይህን ያስከፈለን ባለሙያው ነው፤ ቆቦቹ ራሳቸው ውድ አይደሉም።

በሞራሌዎቹ መሀል 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የድንጋይ ሱፍ አስገባን። ከቀለጠ ድንጋይ የሚሠራ፣ የማይቃጠል ሱፍ ነው። በላላው መቀመጥ አለበት። ታጭቆ ጣውላውንና ኮርኒሱን ካገናኘ ምቱን ራሱ ያስተላልፋል። ሥራው ባዶው ቦታ ውስጥ ድምፁ እየተንጫጫ እንዳይበረታ መዋጥ ነው። ከሁሉም ዕቃ ርካሹ እሱ ነበር።

ጣውላዎቹን መልሰን በሚስማር ሳይሆን በብሎን አሰርናቸው። የማሞቂያው ቧንቧዎች ሞራሌው አናት ላይ በተቆረጠ ቦይ ውስጥ፣ ከጣውላው ልክ ሥር ያልፋሉ። ረጅም ብሎን ያለ ቦታው ከገባ ውኃው በቀጥታ የጎረቤት ኮርኒስ ላይ ነው። ስለዚህ ቧንቧ ያለበትን መስመር ሁሉ በቀይ እርሳስ ለይተን፣ እዚያ አካባቢ ምንም አልመታንም።

ሁለተኛው ቀን ሙሉ የማሸግ ቀን ነበር። በየክፍተቱ፣ ከዞኮሎው ሥር፣ በቧንቧው ዙሪያ ለድምፅ የሚሆን ማሸጊያ ጨመቅን። ደርቆ እንደ ድንጋይ የሚሆነውን አይነት አልተጠቀምንም። እንጨት በክረምትና በበጋ ይሰፋል፣ ይጠባል፤ ደረቁ ይሰነጠቃል። ይኼኛው እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ማታ ላይ ጉልበቴ አልዘረጋ አለኝ። ግን ያን ዕለት ማታ፣ ገና ምንም ሳይነጠፍ፣ ባለቤቴ ከታች ደውላ «ሬዲዮው በርቷል ወይ?» አለችኝ። በርቷል። ድምፁን ትሰማለች፤ ቃሉ ግን አይለይም።

ሦስተኛው ቀን ክብደቱ መጣ። በአየር የሚሄድን ድምፅ የሚያቆመው ክብደት ነው። የወለሉ ክብደት እጥፍ ሲሆን የሚቀነሰው ድምፅ በ5 ዴሲቤል ግድም ይጨምራል። ጆሮ ደግሞ ድምፅ በግማሽ ቀነሰ የሚለው 10 ዴሲቤል ሲወርድ ነው። ስለዚህ ቀላል ነገር በመደራረብ የሚገኝ ነገር የለም። እኛ የመረጥነው በካሬ ሜትር 15 ኪሎ የሚመዝን፣ 15 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የጎማ ምንጣፍ ነው። ሳሎናችን 18 ካሬ ነው። አሥራ አምስት ቁራጭ፣ እያንዳንዱ 18 ኪሎ። ጠቅላላው 270 ኪሎ። በጠባቡ ደረጃ አንድ በአንድ ተሸክመን አወጣነው። እናቴ ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ከደረጃው ራስ ሆና «ኧረ ልጄ፣ ወገብህን!» አለች።

በአንድ ካሬ 15 ኪሎ ለወለል ብዙ አይደለም። የመኖሪያ ወለል በካሬ 150 ኪሎ ግድም እንዲችል ነው የሚታሰበው። ሆኖም ሞራሌዎቹ በቧንቧው ምክንያት በየቦታው ስለተቆረጡ አስቀድመን መሐንዲስ አስይተናል። ያንን አትዝለሉት።

ቁራጮቹን እንደ ብሎኬት አፈራርቀን ደረደርን፣ መጋጠሚያቸውን በቴፕ ዘጋን። ከግድግዳው ጋር ግን አላነካካናቸውም፤ በዙሪያው 5 ሚሊ ሜትር ትተን ለስላሳ ስፖንጅ አስገባንበት። ወለሉ ግድግዳውን ከነካ ድምፁ በግድግዳው ዞሮ ይወርዳል። ከዚያ ያ የቸኮልንበት ስፖንጅ ተመልሶ ገባ፣ ምንጣፉም በላዩ። ምንጣፉን ወጥሮ የሚይዘው ባለ ሚስማር እንጨት ከጎማው እኩል ከፍ እንዲል ከሥሩ ስስ እንጨት ጨመርን።

በሩን ረስተነው ነበር። ሁሉ አልቆ ልንዘጋው ብንል እምቢ አለ። ወለሉ 15 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሏል። በሩ ተነቅሎ ከሥሩ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ተላጨ። ሥራውን ስትለኩ በሩንም አብራችሁ ለኩ።

ከሳምንት በኋላ ያንኑ ፈተና ደገምነው። ያው ሳሎን፣ ያው ሬዲዮ፣ ድምፁም በዚያው ልክ። ወሬው የለም። ሬዲዮው በጣም ከፍ ሲል ብቻ የሆነ ነገር እንደሚያጉረመርም ይሰማል። የጫማ ኮቴ የለም። ሲጢጥታው ጠፍቷል። የልጅቷ ዝላይ ግን አለ። ቀንሷል፤ የመብራቱ ማንጠልጠያም አይርገበገብም። «ዱብ» ማለቱ ግን አልጠፋም።

ይህን በግልጽ መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም ሻጮች አይናገሩትም። እንዲህ ያለው ወፍራም ድምፅ ጠቅላላ ወለሉ አንድ ላይ ወደ ታችና ወደ ላይ ሲወዛወዝ የሚፈጠር ነው። ምንጣፍ አያቆመው፣ ጎማውም ብዙ አይችለው። ጠንካራ ወለል ወይም ያ የተለየ ኮርኒስ ነው የሚያቆመው። ስለዚህ ቀሪውን በአኗኗር ሞላነው። ሶፋውን ወደ ግድግዳው አስጠጋን። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ መዝለል የለም። ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ለምሳሌ የፋሲካ ለት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ ጫማችንን ደረጃው ሥር እናወልቃለን።

ሙቀጫውን ያስተካከለችው እናቴ ናት። እኔ ከተረፈው ጎማ ቆርጬ ከሥሩ አደረግኩላት። እሷ ደግሞ ራሷ ቦታ እየቀያየረች ወቀጠች፣ ባለቤቴ ታች ሆና ሰማች። መሀል ላይ ይብሳል። ከግድግዳው ጥግ፣ ሞራሌው ግንቡ ላይ ከሚያርፍበት ቦታ፣ በጣም ይቀንሳል። ከበሮ የሚመታ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ መሀሉ ይጮኻል፣ ዳሩ ይታፈናል። አሁን የሙቀጫው ቦታ መስኮቱ ጎን ነው። ሰውዬውን እሁድ ለቡና ጠራናቸው። እናቴ «አባባ፣ ይጠጡ» ትላቸዋለች፤ ምን እንዳለች ባይገባቸውም ሦስተኛውን ድረስ ተቀመጡ።

የማይጠበቅ ነገርም ነበር። የኛ ድምፅ ሲቀንስ ሰውዬው ቀድሞ ሰምተውት የማያውቁትን ሌላ ድምፅ መስማት ጀመሩ። የጎን ቤት የልብስ ማጠቢያ ማሽን በግንቡ በኩል ሲያንዘረዝር ይሰማቸዋል። መጀመሪያ እኛ መስለናቸው ነበር። አብረን አዳመጥነው፤ ከኛ አይደለም። ትልቁ ድምፅ ትንሹን ሸፍኖት ነው የኖረው።

ሳሎኑ አልቋል። የሚቀረው ኮሪደሩና የልጆቹ ክፍል ነው። ኮሪደሩ ከሰውዬው አልጋ በላይ ነው፣ ለትንሿ ልጃችን ደግሞ መሮጫ ሜዳዋ ነው። እዚያ የተቀበረ መብራት የለም፤ ሥራው ይቀላል። ለፈቃዱ ሁለተኛውን ደብዳቤ ባለፈው ሳምንት አስገብተናል። የኮሪደሩን በሮች ሁሉ ለክቻለሁ።